ሁለተኛው መርዶ
ዘመዳቸው ራሱን ስላጠፋባቸውና አስቀድሞም የመንፈስ ቁስል ስላለባቸው ሰዎች ሕክምና ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር




የጉባኤው አዘጋጆች ይህን ርእስ በሰጡኝ ጊዜ መጀመሪያ ላይ አመንትቼ ነበር። ራሱን ስላጠፋ ሰው፣ ስለ ምክንያቱና ስለ መከላከያው እኛ ባለሙያዎች በየጊዜው እንነጋገራለን። እርሱ ከሄደ በኋላ በቤቱ ስለሚቀሩት ግን፣ ይልቁንም ከዚያ ሞት አስቀድሞ ሌላ የመንፈስ ቁስል ይዘው ይኖሩ ስለ ነበሩት፣ ዝም ማለት ይቀለናል። እኔም የማውቀውን ጥቂት ነገር የተማርሁት በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በአንዲት ጠባብ የምክር ክፍል ውስጥ ነው፤ ብዙውንም የተማርሁት ከተሳሳትሁ በኋላ ነው። የመንፈስ ቁስል ስል ባለሙያዎች ትራውማ የሚሉትን ማለቴ ነው፤ ይኸውም ሰው ሞትን ወይም ከባድ ጥቃትን በዐይኑ አይቶ ከተረፈ በኋላ፣ ያ ቀን አልፎ ሳለ እንዳላለፈ ሆኖ በሕልሙም በእውኑም ሲመላለስበት ነው።

አንዲት እናት ላስተዋውቃችሁ። የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅ የአያሌ ሰዎችን ነገር አዋሕጄ ያቀረብሁት ነው። እኒህ እናት ቆሼ እየተባለ ከሚጠራው የቆሻሻ መጣያ አጠገብ ይኖሩ ነበር እንበል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች በሞቱ ጊዜ እኅታቸው ከነልጆቿ ከተቀበሩት መካከል ነበረች፤ እርሳቸው ሱቅ ወጥተው ተረፉ። ያን ጊዜ አገር አለቀሰ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ታወጀ፤ ድንኳን ተተከለ፤ የማያውቋቸው ሰዎች ሳይቀሩ እየመጡ አጽናኗቸው። ከዚያ ወዲህ የከባድ መኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር ልባቸው ይርዳል፤ ክረምት ሲገባ እንቅልፍ ያጣሉ። ቢሆንም ኑሯቸውን ይዘው ቀጠሉ። ከዓመታት በኋላ የ22 ዓመት ልጃቸው ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ቤተ ዘመድ በአንድ ሌሊት መክሮ «ድንገት ልቡ ቆሞ ሞተ» የሚል ቃል አወጣ። ለቅሶው በሁለት ቀን አለቀ።

ወደ እኔ የመጡት በራስ ምታትና «ደረቴን ያቃጥለኛል» በሚል ሕመም ነበር። በእጃቸው የራጅ ፖስታና በየቦታው የታዘዘላቸውን የመድኃኒት ወረቀት ይዘዋል። 40 ደቂቃ ያህል ከፊቴ ተቀምጠው የተናገሩት ስለ እኅታቸው ነው። ስለ ናዳው፣ ስለ ጭለማው፣ በእጃቸው ስለ ቆፈሩት አፈር ሁሉ አንድ በአንድ ተረኩልኝ። እኔም በማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁ፤ ምልክቱ ሁሉ በመጽሐፍ እንደ ተማርነው ነበር። ሊወጡ ሲሉ ግን በር ላይ ቆም ብለው፣ «ሲስተር፣ ልጄም ሞቶብኛል፤ የእግዜር ሥራ ነው» አሉና የተዘቀዘቀ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ሄዱ።

ያ የበር ላይ ቃል ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። አገር ያለቀሰለት ሞት፣ አገር ላልሰማው ሞት መሸሸጊያ ሆኖላቸው ነበር። ስለ እኅታቸው ቢያለቅሱ የሚነቅፋቸው የለም፤ ስለዚህ የልጃቸውንም እንባ በእኅታቸው ስም ያፈስሱ ነበር። እኔ የመማሪያ መጽሐፉን ተከትዬ የናዳውን ቁስል ብቻ ለወራት ሳክም ብቆይ ኖሮ፣ እርሳቸውም በጨዋነት እየታከሙልኝ፣ ዋናው ነገር ሳይነካ በተለያየን ነበር። ሕክምናን ለእንዲህ ያለ ሰው በልኩ እንስፋለት ስንል፣ ከሕመሙ ምልክት አስቀድሞ መለካት ያለበት የተነፈገው ለቅሶ ነው ወደሚል አሳብ የመጣሁት ከዚህ በኋላ ነው።

እንደምታውቁት አገራችን ሞትን ለመንገር ሥርዓት አላት። መርዶ በማለዳ፣ ሰውዬው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎችና ወዳጆች ተሰብስበው፣ ቢወድቅ የሚደግፈው ሰው በአጠገቡ ተቀምጦ ይነገራል። ክፉውን ዜና ሰው ብቻውን እንዳይሰማ ማድረግ ታላቅ ጥበብ ነው፤ የውጭ ሊቃውንት በብዙ ምርምር የደረሱበትን አያቶቻችን በልማድ ይዘውታል። ሰው ራሱን ሲያጠፋ ግን መርዶው ሁለት ይሆናል። የመጀመሪያው «ሞተ» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው «እንዲህ ሆኖ ሞተ» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ሽማግሌ ይናገረዋል። ሁለተኛውን የሚናገር ወግ ያለው ሰው የለም። ፖሊስ በምርመራ ጥያቄው፣ ሐኪም ቤት በአስከሬን ምርመራ ወረቀቱ፣ ጎረቤት በሹክሹክታው ይናገረዋል፤ ሕፃናቱ ደግሞ ከትምህርት ቤት ጓደኛ አፍ ይሰሙታል። ሕክምናችን በእኔ አስተያየት ይህን ሁለተኛውን መርዶ በወጉ መፈጸም ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ቤተሰቡ ለምን እንደሚደብቅ ሳይረዱ «እውነቱን ተናገሩ» ማለት ግን ጭካኔ ነው። በኦርቶዶክሳዊው ልማድ ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት ይከለከላል፤ አእምሮውን ስቶ የሞተውን ለይተው የሚያዩ ካህናት ቢኖሩም፣ እናት ቀርባ ለመጠየቅ ትፈራለች። በእስልምና በኩል ራስን ማጥፋት ከባድ ኃጢአት መሆኑ ቢሰበክም፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት የጀናዛ ሶላት እንደማይቀርበት፣ ለማስጠንቀቂያ ያህል ታላቁ ኢማም ሊቀርበት እንደሚችል ያስተምራሉ፤ ይህንም ቢሆን ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም። በኮልፌ የሁለቱም ሃይማኖት ተከታዮች በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ እድር ይኖራሉና ፍርሃቱ የጋራ ነው። በዚህ ላይ የእኅቶቹ ትዳር አለ፤ «በዘራቸው አለ» መባል አለ። ፖሊስም ይፈራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሌላውን ራሱን እንዲያጠፋ ያነሣሣውን ወይም የረዳውን ይቀጣል እንጂ ሞክሮ የተረፈውን አይቀጣም። ነገር ግን አስከሬን ተነሥቶ ለምርመራ ሲሄድ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ቃል ሲሰጥ፣ አባት ራሱን እንደ ተከሳሽ መቍጠሩ አይቀርም። አስቀድሞ በእስር ወይም በጦርነት ለተጎዳ ሰው ደግሞ የፖሊሱ መለዮ ብቻውን የድሮውን ቀን ይቀሰቅሳል።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ማጥፋታቸው ከልጅነታችን ጀምሮ በጀግንነት ሲነገረን አድገናል። በጎረቤት የሞተው ወጣት ግን በኀፍረት ይሸፈናል። አንዱን ሞት በሙገሳ፣ ሌላውን በነቀፋ እንቀብረዋለን፤ ሁለቱም ለተራ ኀዘን ቦታ አይሰጡም። አንድ አባት «ልጄ እንደ ቴዎድሮስ ለጠላት እጄን አልሰጥም ብሎ ቢሆን ደረቴን ነፍቼ ባለቀስሁ» ሲሉኝ ምን እንደምመልስ አላወቅሁም። ጥያቄያቸው ስለ ጀግንነት ሳይሆን ስለ ማልቀስ ፈቃድ ነበር። መደበቅን ደግሞ የእኛ ሰፈር በደንብ ያውቀዋል። በዘነበ ወርቅ የሚገኘው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም፣ በሥጋ ደዌ ምክንያት ቤተሰባቸው የሸሸጋቸው ሰዎች ከየአገሩ መጥተው በአካባቢው ሰፍረው ነበር። የሰው ዐይን ከበሽታው ይልቅ ሲጎዳ ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ፤ ከሌላው ቶሎ የሚረዱኝም እነርሱ ናቸው።

አሁን ሳይንሱ ወዳለበት ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን እንደሚያጠፉ ይገልጻል። ቀድሞ አንድ ሞት ስድስት ሰዎችን ይጎዳል ይባል ነበር፤ አሜሪካዊቷ ጁሊ ሴሬልና ባልደረቦቿ ባደረጉት ጥናት ግን ሟቹን በቅርብም በሩቅም ያውቁ የነበሩና ሞቱ የደረሰባቸው ሰዎች 135 ያህል ይሆናሉ። በእኛ አገር፣ ለቅሶ የሰፈር ሁሉ በሆነበት፣ ቍጥሩ ከዚህ ያንሳል ብዬ አላስብም። በእንግሊዝ በዩኒቨርሲቲ በሚማሩና በሚሠሩ ወጣቶች መካከል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት፣ ዘመዳቸው ወይም ወዳጃቸው ራሱን ያጠፋባቸው ሰዎች በተፈጥሮ ሞት በድንገት ካዘኑት ይልቅ ራሳቸውን ለማጥፋት የመሞከር ዕድላቸው በ65 ከመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ስለሆነም ኀዘንተኛውን «አንተስ መሞት ትመኛለህን?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ግዴታችን ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በየቀጠሮው። መጠየቅ አሳቡን አይተክልም። እንዲያውም ብዙዎች ይህ ጥያቄ ሲመጣላቸው ትከሻቸው ዝቅ ሲል አያለሁ።

ዓለም አቀፉ የበሽታዎች መዘርዝር 11ኛ እትም፣ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው፣ የተራዘመ ኀዘንን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዝግቧል፤ ቢያንስ ስድስት ወር ያለፈውና ከባህሉ ወግ በላይ የሆነ ናፍቆትና ሥቃይ ማለት ነው። «ከባህሉ ወግ በላይ» የሚለው ቃል ለእኛ ቁም ነገር ነው። ከወጉ በላይ ያለቀሰውን እናያለን፤ ወጉ ራሱ የተከለከለውን ግን በምን እንለካዋለን? የቀድሞው ቁስልና ኀዘኑ ባሕርያቸው ልዩ መሆኑም መታወቅ አለበት። የድንጋጤ ሕመም መሠረቱ ፍርሃት ነው፤ ሰውዬው ከአደጋው ይሸሻል። የኀዘን መሠረቱ ናፍቆት ነው፤ ሰውዬው ወደ ሟቹ ይሮጣል። ራሱን ስላጠፋ ልጅ የምታዝን፣ ቀድሞም ከናዳ የተረፈች እናት፣ ከምትሮጥበት ነገር ትሸሻለች። የልጇን ፎቶግራፍ ትፈልጋለች፤ ስታገኘው ያ ቀን ይመጣባታል፤ ትጥለዋለች፤ ስለ መጣሏም ራሷን ትወቅሳለች።

ለዚህ የሚሆን ሕክምና ካዘጋጁት መካከል በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ካትሪን ሺር ትጠቀሳለች። ሕክምናዋ 16 ቀጠሮ ያህል ሲሆን፣ ከድንጋጤ ሕክምና ወስዳ ኀዘንተኛው ዐይኑን ጨፍኖ የሞቱን ሰዓት እንዲተርክ፣ ትረካው ተቀድቶ በቤቱ እንዲያዳምጠው፣ በኋላም ከሟቹ ጋር በአሳብ እንዲነጋገር ታደርጋለች። እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመችው ጥናት በዚህ ሕክምና 51 ከመቶ፣ በግንኙነት ላይ በተመሠረተው የንግግር ሕክምና ደግሞ 28 ከመቶ የሚሆኑት ተሻሻሉ። ይህ ውጤት እኛን በቀጥታ ይነካናል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊቲ ትምህርት ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ለአገራችን እንዲስማማ ተደርጎ የተዘጋጀው የንግግር ሕክምና ያው በግንኙነት ላይ የተመሠረተው ነውና። ታዲያ ተሸናፊውን ሕክምና ነው የያዝነው? በበኩሌ እንዲህ አላይም። ያ ሕክምና ኀዘንን ከአራቱ ዐበይት ጉዳዮቹ አንዱ ያደርጋል፤ ሰውን ከቤተሰቡና ከጎረቤቱ ነጥሎ አያይም፤ በኡጋንዳ በ30 መንደሮች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ጥናትም በልዩ ሙያ ያልሠለጠኑ የአገሬው ሰዎች ሊሰጡት እንደሚችሉ አሳይቷል። የጎደለው ወደ ሞቱ ሰዓት የሚያስገባ በር ነው። በሩን ከሺር ተውሰን በእኛው ቤት ላይ እንግጠመው ነው የምለው። ስለ መድኃኒትም ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የሺር ሌላ ጥናት 395 ሰዎችን ያቀፈ ነበር፤ የድብርት መድኃኒት ከንግግሩ ጋር ሲሰጥ ድብርቱን ቀነሰ፤ በኀዘኑ ላይ ግን ንግግሩ ብቻውን ካስገኘው ለውጥ የጎላ ጭማሪ አላመጣም። ኀዘንተኛን በመድኃኒት ብቻ የምንሸኝ ሁሉ ይህን ልናስብ ይገባል።

በሩን ስለ መግጠም ስናገር የሠራሁትን ስሕተት ልደብቅ አልችልም። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ከተነሣው ጦርነት የተመለሱ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ፤ በግንባር ብዙ አይተዋል። ከተመለሱ በኋላ ሴት ልጃቸው ራሷን አጠፋች። እኔ አዲስ የተማርሁትን ለመጠቀም ቸኩዬ በሁለተኛው ቀጠሮ ዐይናቸውን ጨፍነው ያንን ጧት እንዲተርኩልኝ ጠየቅኋቸው። ጨፈኑ፤ ጥቂት ቆይተው ከፈቱ፤ ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ። ለአራት ወራት አልተመለሱም። በእነዚያ ወራት ሌሊት እየተነሣሁ፣ ምን አድርጌ ይሆን እያልሁ አስብ ነበር። ከፋሲካ በኋላ መጥተው ሲቀመጡ የተናገሩት ይህን ነው፦ «ሲስተር፣ እርስዎ እኮ ከሞቷ ጀመሩ። እኔ ገና ልጄን አላስተዋወቅሁዎትም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አካሄዴን ለወጥሁ። መጀመሪያ ሟቹን እንተዋወቃለን። ሲወለድ ማን ስም አወጣለት? ምን ይወድ ነበር? ሲያስቅ እንዴት ነበር? ራሱን ያጠፋ ሰው ሕይወቱ ሁሉ በመጨረሻዋ ቀን ይዋጣልና፣ 22 ዓመት ኖሮ የአንድ ሰዓት ሰው ሆኖ ይቀራል። እኒያን ዓመታት ከዚያች ሰዓት ማስለቀቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ትረካውም ሲጀመር ከመልካሙ ቀን ተነሥቶ፣ ቀስ እያለ፣ ኀዘንተኛው «እዚህ ላይ ይብቃኝ» ሊል እየቻለ ይሄዳል። «ምነው ያን ቀን ገበያ ባልሄድሁ» የሚለው ጸጸት በዚህ መንገድ ላይ ይመጣል። ይህን ጸጸት «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» ብሎ ማባረር አይቻልም፤ ሞክሬዋለሁ። ይልቅስ ያን ቀን ምን ያውቁ እንደ ነበር፣ ዛሬ ምን እንደሚያውቁ ለይቶ እየጠየቁ መቀመጥ ይሻላል። ዛሬ የሚያውቁትን ያን ቀን እንዳላወቁት ራሳቸው ሲናገሩት ይሰሙታል።

ትረካውን በስልክ ቀድቶ ወደ ቤት መላክን ግን ትቼዋለሁ። ስድስት ሰው በሚያድርባት አንዲት ክፍል፣ ስልኩም የጋራ በሆነበት ቤት፣ ያ ድምፅ ምሥጢሩን ለልጆች ማሰማት ነው። በዚያ ፈንታ ቀጠሮውን ረዘም አድርጌ ትረካውን እዚያው ደግመን እንሰማዋለን። ከሟቹ ጋር በአሳብ መነጋገሩ ደግሞ ፈረንጆቹ እንደሚሉት እንግዳ ነገር አልሆነብንም። የእኛ ሙሾ ሟቹን «አንተ» እያለ ያነጋግረዋል፤ ይወቅሰዋል፤ «ለማን ጥለኸኝ» ይለዋል። ራሱን ላጠፋ ሰው ሙሾ አልተወረደለትምና፣ እናቲቱ በእኔ ክፍል ውስጥ፣ በዝግታ፣ እንደ አገሯ ልማድ ልታወርድለት ትችላለች። ቍጣዋም በዚያ ይወጣል፤ በሙሾ መቈጣት ነውር አይደለምና። ሙስሊም ኀዘንተኞች ግን ድምፅ ከፍ አድርጎ ማልቀስን ሃይማኖታቸው ስለማያበረታታ ይህን መንገድ አልጭንባቸውም፤ ዱዓና በሟቹ ስም የሚሰጥ ሰደቃ ያንኑ ሥራ ሲሠራ አይቻለሁ። በሟቹ ድምፅ ሆኖ መመለስን አንዳንዶች መንፈስ መጥራት መስሏቸው ይፈራሉ፤ «እርሱ ቢኖር ምን ይል ነበር?» ማለት ይበቃል።

ከሁለቱ ቁስሎች የትኛው ይቅደም የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል። የተጻፈ ሕግ ልሰጣችሁ አልችልም። እኔ የምጠይቀው «ትናንት ሌሊት ማን መጣብህ?» ብዬ ነው። ወታደሩ ግንባሩን አይተው ካደሩ ስለ ግንባሩ እንነጋገራለን። አንዳንዴ ሁለቱ በሕልም ይቀላቀላሉ፤ ልጅቱ በምሽግ ውስጥ ትታያለች። ያን ጊዜ አንዱን ከሌላው በቦታና በዓመት መለየት፣ ይህ በዚህ ዓመት ሆነ፣ ያ በዚያ፣ እያሉ በወረቀት ላይ የሕይወትን መንገድ መሥራት ይረዳል። ለስደተኞች የተዘጋጀው በትረካ ላይ የተመሠረተ ሕክምና ይህን የሚያደርገው በገመድ፣ በድንጋይና በአበባ ነው፤ ድንጋዩ የክፉ ቀን፣ አበባው የደግ ቀን ምልክት ነው። ለኮልፌ ሰው ምንም ማብራሪያ አላስፈለገውም።

የቀጠሮውን ቀን በተመለከተ፣ የቀን ሠራተኛ በየሳምንቱ እየመጣ 16 ጊዜ ሊታከም አይችልም። ከዚህ ይልቅ ባህላችን ራሱ የሰጠን ቀኖች አሉ፤ 40፣ 80፣ ሙት ዓመት። እነዚህ ቀኖች ለእነዚህ ሰዎች ባዶ ሆነው የሚያልፉ ናቸውና ሕመሙ ያን ሰሞን ይብሳል። እኔ በካርዱ ላይ አስቀድሜ እመዘግባቸዋለሁ፤ ከእነርሱ በፊትና በኋላ ባለው ሳምንት ቀጠሮውን አበዛለሁ። በቤት መጠየቅ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጤና ተቋም መኪና በር ላይ ሲቆም ለጎረቤት ሌላ ወሬ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። ከዐረብ አገር በሣጥን የተመለሱ ልጆች ወላጆች ናቸው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳስታወቀው፣ ከጥር 2007 አንሥቶ ባለው ጊዜ በሊባኖስ 95 የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ኤምባሲዎች 40 ያህሉን ራሳቸውን አጠፉ ብለው ሲመዘግቡ፣ 24ቱ ከፎቅ ወድቀው የሞቱ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከአሠሪዎቻቸው ለማምለጥ ሲሞክሩ ነበር። እንግዲህ «ልጅሽ ራሷን አጠፋች» የሚል ወረቀት የደረሳት እናት ወረቀቱን ባታምን ሕመም ነው እንዴ? ለእርሷ ሁለተኛው መርዶ አልተረጋገጠም። «መቀበል አለብሽ» የሚል ባለሙያ የአሠሪውን ቃል ተሸካሚ መሆኑን ይወቅ። አለማወቁን ራሱን አብረን መሸከም እንጂ፣ መልስ ፈጥረን ልንሰጣት አይገባም። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከተባረሩት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን መካከል እንዲህ ያለ የጓደኛ ሞት አይተው የተመለሱ ሴቶች አጋጥመውኛል፤ እነርሱም ምስክርነታቸውን የሚቀበላቸው ያጡ ኀዘንተኞች ናቸው።

ሕፃናትን በሚመለከት አሳቤ አጭር ነው። «ውጭ አገር ሄደ» መባል የለበትም። የሚያምኑት አዋቂ፣ በአጭር እውነተኛ ቃል፣ «አባትህ በጣም ታሞ ነበር፤ ሕመሙ የአሳብ ሕመም ነበር፤ በዚያ ሕመም ራሱን አጠፋ፤ ጥፋቱ የአንተ አይደለም» ብሎ ይንገራቸው፤ ሲጠይቁም ይመልስላቸው። እንዴት እንደሆነ ዝርዝሩን መናገር አያስፈልግም። ይህም ቢሆን የመርዶ ሥርዓት ይገባዋል፤ በማለዳ፣ በቤት፣ የሚያቅፍ ሰው ባለበት።

ከማኅበራችን የምለምነው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ እድሮችን በሚመለከት ነው። አንድ እድር የአሟሟቱ ነገር ተሰምቶ ገንዘቡን ሲያዘገይ፣ ሌላው ደግሞ ዳኛው ራሳቸው ድንኳኑን አስተክለው ሦስት ቀን ሙሉ በር ላይ ሲቀመጡ አይቻለሁ። ሁለተኛው እድር ያደረገውን እኔ በ16 ቀጠሮ ላደርገው አልችልም። የእድር ዳኞችን፣ ካህናትንና ኢማሞችን ጠርተን ብናነጋግራቸው፣ ብንሰማቸውም፣ መልካም ይመስለኛል። ሁለተኛው የቃላት ጉዳይ ነው። «ራሱን ገደለ» ከሚለው ወንጀል ወንጀል ከሚሸት ቃል ጀምሮ በካርዶቻችን ላይ የምንጽፈውን በአንድነት ብንመክርበት ይበጃል።

ወደ እኒያ እናት ልመለስና ልጨርስ። በሰባተኛው ቀጠሮ ስለ ልጃቸው አሟሟት በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። እኔ አልጠየቅኋቸውም፤ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ወደደው እግር ኳስ ስንነጋገር ወደዚያ ደረሱ። ቀጥሎ ያወራነው ለማን ይነግራሉ በሚለው ነበር። ለሁሉ መንገር ግዴታ አይደለም፤ አንድ ሰው ግን ያስፈልጋል። ቡና አብረው የሚጠጡትን አንዲት አሮጊት ጎረቤት መረጡ። ከመንገራቸው በፊት ከእኔ ጋር ቃሉን ሁለት ጊዜ ተለማመዱ። ሙት ዓመቱ በዋለ በማግሥቱ፣ ሌሎቹ ሳይመጡ፣ የመጀመሪያው ስኒ እንደ ተቀዳ ነገሯቸው። አሮጊቷ ስኒውን አስቀመጡና፣ «እኛማ ከመጀመሪያው ቀን እናውቅ ነበር፤ አንቺ እስክትነግሪን ነው የጠበቅን» አሏቸው። ከዚያም ተነሥተው ባሁኑ ቀን እንደ ደረሰ መርዶ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱላቸው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሲመጡ ነጠላቸው እንደ ተዘቀዘቀ ነበር። ራሳቸውን አሁንም ያማቸዋል፤ የከባድ መኪና ድምፅ አሁንም ያስደነግጣቸዋል፤ ለእርሱ ገና ሥራ አለብን። ቡናው ላይ ግን የልጁ ስም መነሣት ጀምሯል።